ከወገራ ደጋ እስከ ሊማሊሞ ገደል፤ የስሜን የእግር መንገድ ታሪክ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ ደባርቅ እስኪገባ ድረስ የሚረግጠው የወገራ ሜዳ ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት፣ ለዓይን የተመቸ፣ እግርንም የማያደክም ደጋ ነው፤ ደባርቅን ጥቂት እንዳለፈ ግን ምድሪቱ በድንገት ተቆርጣ ወደ ዛሪማ ቆላ ትወርዳለችና፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሚመርጠው ገደሉ እንጂ መንገደኛው አይደለም። ከዚሁ ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው ሁለተኛው መንገድ ደግሞ በሳንቃ በርና በግጭ፣ በጨነቅና በቧሂት በኩል ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ወደ ራስ ደጀን ይዘልቃል። የአገራችን ሰው ስለ እነዚህ ሁለት መንገዶች የሚያውቀው ከልዩ ልዩ ቦታ የቃረመውን ነው፤ የቅዱስ ያሬድን ምናኔ ከቤተ ክርስቲያን፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ንግሥ ከትምህርት ቤት፣ የሊማሊሞን ጥምዝ ከሾፌር አንደበት ሰምቷል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ መንገዱ ራሱ አንድና ያው መሆኑን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን በተራ እንተርካለን።

ግዞተኞችና መናንያን፤ ከአክሱም ዘመን እስከ 1500 ዓ.ም. ገደማ

ስለ ስሜን መንገድ የሚናገረው እጅግ ጥንታዊ ጽሑፍ በስሜን የተገኘ አይደለም። በቀይ ባሕር ዳር በነበረችው በአዱሊስ ከተማ ከእብነ በረድ የተሠራ ዙፋን ቆሞ ነበር፤ በላዩም አንድ የአክሱም ንጉሥ በጽርዕ ቋንቋ ያስጻፈው የድል ዝርዝር ነበረበት። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ካሌብ ከባሕሩ ማዶ ወዳለው ወደ ሐሜር ለመዝመት ሲዘጋጅ ጽሑፉ እንዲገለበጥለት ስለ ፈለገ፣ በዚያ ወራት በአዱሊስ የነበረው ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ ገልብጦ ሰጠ፤ ለራሱም አንድ ግልባጭ አስቀረ። ዙፋኑ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የኮስማስ ግልባጭ ግን እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ጽሑፍ ንጉሡ ከተከዜ ማዶ ያሉትን የስሜንን ሰዎች ድል እንዳደረገ ሲናገር፣ አገራቸው መውጫ የሌለው ተራራ መሆኑን፣ ጭጋግና ቅዝቃዜ እንደማይለየው፣ በረዶውም የሰውን እግር እስከ ጉልበት እንደሚውጥ ይመሰክራል። ኮስማስም ከራሱ ጨምሮ የአክሱም ነገሥታት በግዞት የፈረዱበትን ሰው ወደዚያ ይሰዱ እንደ ነበረ ጽፏል። እንግዲህ የስሜን አቀበት በጽሑፍ ሲታወቅ መጀመሪያ የታወቀው በወታደርና በግዞተኛ እግር ነው።

በፈቃዱ የወጣው ቀጥሎ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው፣ ማሕሌታዊው ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩን ወግታው ደሙ ሲፈስ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው አላወቁም ነበር፤ ከተመስጦው ሲነቁም ንጉሡ «የምትሻውን ሁሉ ለምነኝ» ቢለው፣ ያሬድ የለመነው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ይመንን ዘንድ እንዲፈቀድለት ነበር። ከዚያም ተከዜን ተሻግሮ ወደ ጠለምትና ወደ ስሜን ተራሮች ሄደ፤ እስኪሰወርም ድረስ በዚያ እያስተማረ ኖረ። በዚህ ዳገት ከወጡት ሁሉ ስሙ የታወቀው የመጀመሪያው መንገደኛ፣ በዚያው በተወጋ እግሩ የሄደው ይህ ሊቅ ነው ማለት ነው። ከእርሱ በኋላ ከተራራው ግርጌ በቆላ የዋልድባ ገዳም ሲጸና፣ ከደጋው ወደ ገዳሙ የሚወርደውና የሚወጣው መነኩሴና ተሳላሚ የሊማሊሞን ቁልቁለት ያለ ማቋረጥ የሚረግጥ ሆነ።

ያው ገደል ደግሞ ለሌሎች አምባ ነበር። የቤተ እስራኤል ወገኖች በወገራ፣ በስሜን፣ በጠለምት ሰፍረው ይኖሩ ነበርና፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮን በ1324 ዓ.ም. ሠራዊት እንደ ሰደደባቸው ዜና መዋዕሉ ይናገራል፤ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ ወገራን አጥብቆ ከያዘ በኋላም ብዙዎቹ ሜዳውን ለቀው ወደ ላይኛው አገር ወጡ። ከእንግዲህ ወዲህ የደባርቅ ጠርዝ በሁለት አገዛዞች መካከል ያለ ደጃፍ ሆኖ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆየ።

የጦር አቀበት፤ 1500–1628 ዓ.ም.

የስሜን መንገድ ክፋት የጦርነትን ዕድል እንደሚወስን በግልጽ የታየው በ1534 ዓ.ም. ነው። ክርስቶፎሮስ ዳጋማ የፖርቱጋል ወታደሮቹን ይዞ ኢማም አሕመድን በሚወጋበት ክረምት፣ በስሜን ባለው «የአይሁድ አምባ» ብዙ ፈረስ እንዳለ ሰምቶ ከሰዎቹ ከፍሎ ወጣና አምባውን ያዘ፤ ፈረሶቹንም ማረከ። ነገር ግን በዚያ መንገድ ፈረስን አፍጥኖ ማውረድ የማይቻል ስለ ሆነ፣ ፈረሶቹን ቀስ ብለው የሚያመጡ ሰዎች ከኋላው ትቶ እርሱ ወደ ሰፈሩ ገሠገሠ። ኢማሙ በነሐሴ ወር በወፍላ ሲገጥመው ፈረሶቹ ገና አልደረሱም ነበር። ዳጋማ በዚያ ጦርነት ድል ተነሥቶ ተማረከ፤ ተገደለም። ፈረሶቹ ቢደርሱ ኖሮ ድሉ ወደ እርሱ ይዞር ነበር ብሎ መማል አይቻልም፤ ቢሆንም ዜናውን የጻፉት ጓዶቹ ይህን ጉዳይ እያዘኑ መተረካቸው ያለ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1570ዎቹ መጀመሪያ በቤተ እስራኤል መሪዎች በራዳኢ፣ ቀጥሎም በካሌፍና በጎሸን ላይ ዘመተ። የዚህ ዘመቻ ዜና መዋዕል የሚነበበው በፍርሃት ነው። ተከላካዮቹ ከአናት ቋጥኝ እየናዱ ይለቁ ነበር፤ መንገዱ ከአንድ ሰው በላይ ጎን ለጎን የማያሳልፍ ስለ ሆነም የወረደው ድንጋይ ሰው ሳይነካ አያልፍም ነበር። ጸሐፊው ከጠላት ወገን ቢሆንም ሳያደንቅ ያላለፈው አንድ ነገር አለ፤ እጅዋ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ በገደል አፋፍ ትነዳ የነበረች አንዲት ሴት የአዶናይን ስም ጠርታ ራስዋን ስትወረውር ማራኪዋንም አብራ ይዛው ወረደች። ዐፄ ሱስንዮስም ከኋለኛው መሪያቸው ከጌዴዎን ጋር ለዓመታት ተዋግቶ በመጨረሻ የቤተ እስራኤልን አገዛዝ አፈረሰ። በዚህም የተነሣ ከደንቢያ እስከ ተከዜ ያለው መንገድ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ንጉሥ እጅ ገባ፤ ለሚከተለው የንግድ ዘመን ምክንያቱ ይህ ነው።

የሲራራ ነጋዴ ዘመን፤ 1628–1823 ዓ.ም.

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. መናገሻውን በጎንደር ባቆመ ጊዜ፣ በድንኳን ይዞር የነበረው ቤተ መንግሥት በአንድ ስፍራ ስለ ረጋ፣ መንገዱም ቋሚ መድረሻ አገኘ። ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋና በሽሬ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በአዲ አርቃይና በዛሪማ በኩል ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት ወደ ጎንደር የሚገባው ጎዳና የመንግሥቱ ዋና የባሕር መውጫ ሆነ። ወደ ባሕር ዝባድ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰም ይወርድበታል፤ ሊጻፍ የሚከብድ ቢሆንም በገመድ የታሰረ ሰው ይነዳበታል። ከባሕር ደግሞ ሐር፣ ጨርቅ፣ ብርሌና ጨሌ ይወጣበታል። ሲራራ ነጋዴው፣ ይልቁንም የጎንደሩ ጀበርቲ፣ ብቻውን አይጓዝም፤ ወንበዴና ሽፍታ ስለሚፈራ ተሰብስቦ፣ አለቃ መርጦ፣ በቅሎና አህያውን ጭኖ በአንድነት ይነሣል። በየበሩም ቀረጥ የሚቀበል ኬላ አለ፤ ሊማሊሞን የመሰለ ዙሪያ መንገድ የሌለው ስፍራ ደግሞ ለበረኛ የተመረጠ ነው።

በ1762 ዓ.ም. በምጽዋ የወረደው እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በዚያው ዓመት በየካቲት ይህን ዳገት ወጥቶ ጎንደር ገባ። ላማልሞን ብሎ የጠራው ተራራ መንገዱ ስፋቱ ሁለት ጫማ እንኳ የማይሞላ፣ በገደሉ ወገብ እየተጠመዘዘ የሚወጣ፣ ጎርፍም ድንጋይ እየናደ የሰባበረው መሆኑን ይገልጻል፤ ከብቶቹም እንደ ተጫኑ መውጣት ስላልቻሉ ጭነቱን አውርደው ጥቂት በጥቂት በትከሻቸው እያመላለሱ አወጡት። ይህ የአንድ ፈረንጅ መከራ ብቻ አልነበረም። ጭነት ማራገፍና እንደ ገና መጫን የዚያ መንገድ ሥርዓት ነበርና፣ የጭነቱ ልክ፣ የገመዱ አጠላለፍ፣ የጉዞው ቀን ሁሉ ለዚህ አንድ ዳገት ተብሎ ይመጠን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በግሪክ አገር በኤጲሮስ ያለው ዛጎሪ የሚባለው ተራራማ አውራጃ ከስሜን ጋር የሚመሳሰል የበቅሎ አገር ነው፤ ነገር ግን በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ልጆቹ በሩቅ አገር ነግደው በላኩት ገንዘብ መንደሮቹ መንገዳቸውን በድንጋይ አነጠፉ፤ በገደሉም ላይ የድንጋይ ደረጃ ሠሩ፤ በየወንዙ ቅስት ድልድይ አቆሙ፤ ዛሬ እግረኛ ከዓለም ዙሪያ እየሄደ የሚያየው ይህን ነው። በስሜን ግን፣ የጎንደርን ግንብ ያቆመ የግንበኛ እጅ ቅርብ ሳለ፣ ሊማሊሞን ያነጠፈው ሰው የለም። ጥበብ ስለ ጠፋ አይመስለኝም፤ ከመንገዱ የሚገኘው ቀረጥ ወደ በረኛውና ወደ ሹሙ ይገባ ነበር እንጂ ወደ መንገዱ አይመለስም ነበር፤ ጠላትን ከመከላከል በኩል ሲታይም የከፋ አቀበት የተሻለ ቅጥር ነው። ስለዚህ የስሜን መንገድ በሂያጁ ኮቴና እግር ብቻ የተሠራ፣ ሂያጁ የቀነሰ ዕለትም የሚጠፋ መንገድ ሆነ። የቀረው ታሪኩ የሚፈታው በዚህ ነው።

በ1800 ዓ.ም. አካባቢ ናትናኤል ፒርስ የሚባል እንግሊዛዊ መርከበኛ ከትግሬ ተነሥቶ በላይኛው ስሜን አለፈ። ብሩስ በስሜን በረዶ ታይቶ አያውቅም ብሎ ጽፎ ነበርና የአዱሊሱ ጽሑፍ እንደ ተረት ተቆጥሮ ነበር፤ ፒርስ ግን ብዙ ትምህርት የሌለው ሰው ሲሆን በእግሩ ሄዶ በረዶውን ስላየ፣ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየውን ንጉሣዊ ቃል እውነተኛ አደረገው።

የውቤ ቤት፣ የቴዎድሮስ ዘውድ፤ 1823–1847 ዓ.ም.

በዘመነ መሳፍንት ጎንደር የይስሙላ መናገሻ ሆና ስትቀር የመንገዱ ኃይል ወደ ገደሉ ባለቤት አለፈ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የስሜን ጌታ ሳሉ ትግሬን ጨምረው በያዙ ጊዜ፣ ከደባርቅ እስከ ባሕሩ አጠገብ ያለው ጎዳና በአንድ ሰው እጅ ገባ፤ ወደ ምጽዋ የሚወስደውን በር የያዘ ደግሞ የጠመንጃን በር ያዘ ማለት ነው። በእርሳቸውም ዘመን የስሜን ዋና መንገድ ከሊማሊሞ ይልቅ ላይኛው ነበር፤ ከተከዜ በጠለምት ወጥቶ፣ ብርዳሙን አፋፍ ተሻግሮ፣ እንጨት ቃብ ወደሚባለው መቀመጫቸው የሚደርሰው ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሩፔል በ1824 ዓ.ም. በዚህ በኩል አልፎ የዋልያን ነገር ለአውሮፓ አስታወቀ፤ የዋልያ የሳይንስ ስም ዛሬም ከእርሱ ስም ጋር ይጻፋል።

ውቤ በደረስጌ ያሠሯት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ኤድዋርድ ዛንደር የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ የረዳባት ናት። ለራሳቸው ንግሥ አስበው አሠሯት ይባላል። የቋራው ካሣ ግን የሌሎቹን መሳፍንት ኃይል ሰብሮ፣ የወገራን ሜዳ አቋርጦ፣ ያልተጠበቀበትን አቀበት ወጣና በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ውቤን ድል ነሥቶ ማረካቸው፤ ከጥቂት ቀን በኋላም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ስሜን እስከዚያ ቀን ድረስ የተሸነፈ ሰው የሚሸሽበት አገር ነበር፤ ያን ቀን ግን ንጉሥ ነገሠበት።

ንግድ ፊቱን ሲያዞር፤ 1847–1928 ዓ.ም.

የሚከተለው ሰማንያ ዓመት የመድከም ዘመን ነው። ኢጣልያ በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ያዘች፤ በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ፤ የአገሪቱም መናገሻ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ የመንግሥቱ ንግድ ፊቱን ፈጽሞ ወደ ምሥራቅ አዞረ። የምጽዋ ጎዳና እንዲህ በሁለቱም ጫፉ ተቆረጠና፣ በሊማሊሞ የቀረው ጨው ጫኝ፣ ገበያተኛና የዋልድባ መነኩሴ ሆነ።

በ1928 ዓ.ም. ግን ኢጣልያ አገሪቱን ስትወር መንገዱ አንድ ጊዜ ደግሞ በሠራዊት ተሞላ። ልዑል ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው፣ የስሜኑ ደጃዝማች አያሌው ብሩም ከጎንደሬው ጋር ሆነው፣ በበጋው መግቢያ ከደጋው ወደ ተከዜ ወረዱ፤ በታኅሣሥም ወንዙን በማይ ጥምቀት ተሻግረው በደምበጉና የጠላትን ታንኮች እስከ መማረክ የደረሰ ድል አደረጉ። ያ ሁሉ ሰው ስንቁን በአህያና በትከሻ ተሸክሞ የወረደው ብሩስ በወጣበት በዚያው ቀጭን መንገድ ነበር። ከሽሬ ጦርነት በኋላ በየካቲትና በመጋቢት የተረፈው በዚያው ተመለሰ፤ አሁን ግን ከሰማይ አውሮፕላን ይከተለው ነበርና፣ ለሺህ ዓመት ለሸሸ ሁሉ መጠጊያ የነበረው ገደል በእነዚያ ወራት መጠጊያነቱ ቀረ።

ጥምዙ፤ 1928–1934 ዓ.ም.

ኢጣልያኖች በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር እንደ ገቡ፣ ከአሥመራ እስከ ጎንደር የመኪና መንገድ ካልተሠራ አገሩን መያዝ እንደማይችሉ አወቁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ዓመታት በሊማሊሞ ገደል ላይ ድንጋዩን በባሩድ እየፈለጡ፣ ግድግዳ እየደገፉ፣ እንደ እባብ የሚታጠፈውን መንገድ አወጡ። በስሜን ምድር በድንጋይ ተገንብቶ የተሠራ የመጀመሪያው መንገድ ይህ ነው፤ የሠራው ሊገዛን የመጣ መሆኑ ሥራውን ለማድነቅ ያስቸግራል፤ አለማድነቅም እውነትን መካድ ነው። የመኪናው መንገድ ጥምዙን እያበዛ ሲዞር፣ የጥንቱ የበቅሎ መንገድ በየእጥፋቱ መካከል ቀጥ ብሎ እየቆረጠ አለፈ፤ ስሙም ከእንግዲህ ወዲህ አቋራጭ ተባለ።

መንገዱ ለሠሪው የጠቀመው አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም። በ1933 ዓ.ም. አሥመራ ከወደቀች በኋላ፣ በደባርቅ አጠገብ በወልቀፊት በር ላይ የመሸገው የኮሎኔል ጎኔላ ጦር ከሰሜን ወደ ጎንደር የሚመጣውን መድፍና መኪና ሁሉ ዘጋ። አርበኞች ከእንግሊዞች ጋር ሆነው ክረምቱን በሙሉ ከበቡት። ምሽጉን ከፊት ለፊት መውጣት ራስን መግደል ስለ ነበር፣ የአገሩ ሰው የሚያውቀውን የፍየል መንገድ ሁሉ ይዞ ስንቅ እንዳይገባለት አደረገ። ሦስት ሺህ ያህል የኢጣልያና የቅኝ ወታደር የነበረበት ያ ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ በኅዳር ጎንደርም ነጻ ወጣች። በዚያ ጥምዝ ላይ ድል የነሣው ጥምዙን የማይፈልግ እግረኛ መሆኑን የጦር ጸሐፊዎች አበክረው አልጻፉትም።

ኤንትሬ፣ ፓርክና ስደት፤ 1934–1983 ዓ.ም.

ከነጻነት በኋላ በጥምዙ ላይ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣ ጀመር፤ ደባርቅና ዳባትም የሾፌር ማደሪያና የእህል ገበያ ሆነው አደጉ። የላይኛው መንገድ ግን ለበቅሎ ቀረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የዋልያ ቍጥር እጅግ ማነሱ ስለ ታወቀ፣ ክላይቭ ኒኮል የተባለ በዌልስ የተወለደ ሰው የመጀመሪያው የፓርክ ኃላፊ ሆኖ በሳንቃ በር ሰፈረ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በጥቅምት 1962 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ገበሬው ከብት የነዳበት፣ ካህኑ ታቦት ያጀበበት ቀጭን መንገድ አሁን የዓለም ንብረት ተባለ። ለገበሬው ማን እንደ ነገረው ግን አይታወቅም፤ ከሚቀጥለው ቂም ብዙው የመጣው ከዚህ ነው።

የደርግ ዘመን ለተራራው የጦርነት ዘመን ነበርና ጎብኚ ቀረ፤ ፓርኩም ጠባቂ አጣ። በእነዚያው ዓመታት ቤተ እስራኤል ከወገራ፣ ከስሜን፣ ከጠለምትና ከወልቃይት መንደሮቻቸው በሌሊት እየተነሡ፣ ልጅ አዝለው፣ ሽማግሌ ደግፈው፣ ቆላውን ወርደው ወደ ሱዳን ሄዱ። በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱት ስምንት ሺህ ያህል ናቸው፤ በመንገድና በመጠለያ ያለቁትም በሺህ ይቈጠራሉ። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ወደ ላይ የሸሹት ወገኖች ታሪክ በዚህ ቁልቁለት ወረደ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

ሰላም ሲመለስ ተጓዡ ተመለሰ። ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት፣ የባለ በቅሎ፣ የአስጎብኚና የምግብ አብሳይ ከተማ ሆነች፤ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ከፊት እየመራ፣ በቅሎ ከኋላ እየተከተለ፣ ከሳንቃ በር ወደ ግጭ፣ ከግጭ በእሜት ጎጎ አፋፍ ወደ ጨነቅ፣ ከዚያም ቧሂትን ተሻግሮ በአምቢቆ ወደ ራስ ደጀን መሄድ የታወቀ ሥርዓት ወጣለት። አለቃ፣ ጭነትና ጠባቂ የነበረው የሲራራው ነጋዴ አደረጃጀት ስሙ ተለውጦ ተመለሰ ብል ብዙ አልሳሳትም። ነገር ግን የመኪና መንገድ በቧሂት በኩል ወደ ጃናሞራ መውጣቱ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋት፣ የዋልያም ማነስ ፓርኩን በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባው። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊትም፣ በ2008 ዓ.ም. ግጭ የሚባለው ጥንታዊ መንደር ተነሥቶ ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ወርደው ሰፈሩ። ሣሩ ማገገሙን የጥበቃ ሰዎች በደስታ ይናገራሉ፤ በደባርቅ ዳር ያለ እርሻ የተቀመጠው የግጭ ሰው ግን በዚያ ደስታ ውስጥ ድርሻው ምን እንደ ሆነ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ተራራው በእሳት በተያያዘ ጊዜ፣ ከኬንያና ከእስራኤል እርዳታ እስኪመጣ ድረስ ቅጠል ይዞ በእግሩ ወጥቶ እሳቱን የታገለው የዚያው አካባቢ ሕዝብ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት ከቆላ ወደ ደጋ ወጣ፤ በሊማሊሞ ዙሪያና በዳባት ወረዳ በጭና ሲቪል ሕዝብ ተገደለ፤ ደባርቅም ከቆላው በእግር በወጣ ተፈናቃይ ሞላች። ባለ በቅሎውም ያለ ሥራ ተቀመጠ። ዛሬ ከጎንደር እስከ ደባርቅ አስፋልት አለ፤ ከሊማሊሞ በታች ያለው የመኪና መንገድ ግን ክረምት በገባ ቍጥር ናዳ ይጫነዋል። ጥምዙ በናዳ በተዘጋ ቀን ከዛሪማ ወደ ደባርቅ መድረስ ያለበት ሰው ከመኪናው ወርዶ ዕቃውን በትከሻው ያደርግና በአቋራጩ ይወጣል።